ፓወር ግዕዝ ባይኖር ኮምፒውተሩ ምን ይሠራ ነበር?

ከስድስት ኪሎ ተነስቶ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ሰው፣ ወይም በሌላው አቅጣጫ በአዲሱ ገበያ የሚያልፍ፣ «ኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን» የሚል ታፔላ ሳያይ አይዘልቅም። ጉለሌ በቴክኖሎጂ ስሙ የሚነሳ ሰፈር አይደለም። የሚታወቀው በሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው በሚወርዱ እናቶች፣ በጳውሎስ ሆስፒታልና በፓስተር ነው። ግን የኮምፒውተር ታሪክ በኢትዮጵያ መጻፍ ካለበት ከእነዚህ ጠባብ ሱቆች ቢጀምር ይሻላል። ለብዙው የሰፈሩ ሰው ኮምፒውተር ማለት ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሳይሆን ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የእድር መተዳደሪያ ደንብ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ የሚሄድበት ቦታ ነበር። እዚያ ሄዶ ያየው ደግሞ የአሜሪካን ጥበብ ሳይሆን የራሱን ስም በራሱ ፊደል ስክሪን ላይ ተጽፎ ነው።

ለመሆኑ ያ ግራጫ ሳጥን ለምን አሸነፈ? በዓለም ላይ በደርዘን የሚቆጠሩ የኮምፒውተር ዓይነቶች ነበሩ። «ርካሽ ስለሆነ» የሚለው የተለመደ መልስ ግማሽ እውነት ነው። ርካሽ ሆነው የሞቱ ኮምፒውተሮች ብዙ ናቸው። (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ታሪክ እንይ። ኩባንያው በ1981 ቲአይ-99/4ኤ የተባለ የቤት ኮምፒውተር ገበያ ላይ አዋለ። ተፎካካሪዎቹ በ8 ቢት ሲሠሩ የእሱ አንጎል 16 ቢት ነበር። በወረቀት ላይ ማንም አይደርስበትም። ሆኖም ኩባንያው ከማሽኑ ብቻ ሳይሆን ከፕሮግራሙም የሚገኘውን ትርፍ ለብቻው መብላት ፈለገ። ለውጭ ፕሮግራም ሠሪዎች የማሽኑን ምስጢር አልገልጥም አለ፤ በሩን ጠረቀመ። ኮሞዶር በ1982 ያወጣው ኮሞዶር 64 ደግሞ ማንም የሚጽፍለት ማሽን ነበር፤ ጨዋታውም፣ የሂሳብ መያዣውም፣ የጽሑፍ ፕሮግራሙም በሺዎች ተቆጠረ። ሁለቱ ኩባንያዎች የዋጋ ጦርነት ገጠሙ። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ኮምፒውተሩን ከ100 ዶላር በታች እስኪያወርድ ድረስ ቆረጠ። አላዳነውም። በጥቅምት 1983 ከቤት ኮምፒውተር ገበያ ጠቅልሎ ወጣ። የገዙት ሰዎች ጥሩ ማሽን ይዘው ያለ አዲስ ፕሮግራምና ያለ ጠያቂ ቀሩ።

በተቃራኒው አፕል 2 የተባለው ኮምፒውተር ከነጋዴው ቢሮ የገባው በራሱ ጉልበት አይደለም። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የመጀመሪያውን የሂሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም ጻፉ። መጀመሪያ የሠራው በአፕል ላይ ብቻ ስለነበር የሂሳብ ባለሙያው 100 ዶላር ለሚያወጣ ፕሮግራም ብሎ ከ2,000 ዶላር በላይ የሚያወጣ ኮምፒውተር ይገዛ ጀመር። ፈረሱ የተገዛው ለኮርቻው ነበር ማለት ይቻላል።

ለኢትዮጵያ ግን ከሁሉም ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ከአሜሪካ ሳይሆን ከኩዌት ነው። መሐመድ አል ሻሬኽ የተባለ ነጋዴ በ1982 ኩባንያ አቋቁሞ፣ ጃፓን ውስጥ የሚመረቱትን ኤምኤስኤክስ የተባሉ የቤት ኮምፒውተሮች «ሳኽር» በሚል ስም ወደ ዓረብኛ መለሳቸው። ስሙን ብቻ አልለጠፈም፤ ኪቦርዱ ዓረብኛ፣ የፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ ዓረብኛ፣ የልጆች ትምህርቱም ዓረብኛ ሆነ። ቅዱስ ቁርኣን ራሱ በኮምፒውተር ተነበበበት። በ1980ዎቹ በዓረቡ ዓለም ያደገ ልጅ ኮምፒውተርን በአፍ መፍቻው ሊማር የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ሳኽርን ያዳከመው በ1990 የኢራቅ ጦር ኩዌት መግባቱና ገበያው ወደ አይቢኤም ዓይነቱ መዞሩ ነው።

አማርኛ ሳኽር አልነበረውም። አንድም የኮምፒውተር አምራች፣ ጃፓናዊም ይሁን አሜሪካዊ፣ ለፊደል ብሎ ማሽን አልሠራም። በደርግ ዘመን ኮምፒውተር የነበራቸው አየር መንገዱ፣ ባንኮች፣ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና መሰል ተቋማት ነበሩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር ብሔራዊ የኮምፒውተር ማዕከል ሲቋቋምም ነገሩ የመንግሥት ሥራ እንጂ የቤት ዕቃ አልነበረም። ቤት የሚገባ ኮምፒውተር ቢኖር ኖሮስ ምን ይጻፍበት ነበር? እንግሊዝኛ ብቻ።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። ፊደል 33 ቤተሰብ በ7 ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል። ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከ300 ያልፋል። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ደግሞ ለፊደላት የነበረው ጎተራ 256 ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ግማሹን ላቲኑና የማሽኑ ትእዛዞች ቀድመው ይዘውታል። ጉዳዩ አዲስ አልነበረም፤ ኢንጂነር አያና ብሩ ገና ከጣሊያን ወረራ በፊት አማርኛን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስታረቅ ሲደክሙ የገጠማቸው ይኸው ነው። የጽሕፈት መኪናው መፍትሔ የፊደሉን አካል መትቶ እግሩንና ቀለበቱን ለየብቻ መቀጠል ነበር። ውጤቱን የድሮ የመንግሥት ደብዳቤ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል፦ ካዕቡ ከግዕዙ ተለያይቶ፣ ቅጥያው አየር ላይ ተንሳፎ።

ኮምፒውተሩ ላይ ይህን ሸክም የተሸከሙት አምራቾቹ ሳይሆኑ በግላቸው የተነሱ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ፍሥሐ አጥላው ካሊፎርኒያ ሆኖ በ1980ዎቹ «ዳሽን» የተባለውን የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራም ለአይቢኤም ዓይነቱ ኮምፒውተር ሠራ። በኮሎራዶ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያው ዶክተር አበራ ሞላ የየራሱን ስፍራ የያዘ ሙሉ ፊደል ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ዓመታት ደከሙ። (አዲስ አበባን ሲያጸዳ የታወቀው ሙዚቀኛው ጋሽ አበራ ሞላ ሌላ ሰው ነው፤ መምታታቱ የተለመደ ነው።) ከሁሉ ቀድሞ የሠራው ማን ነው በሚለው ላይ እስከ ዛሬ የሚነታረኩ አሉ። ክርክሩ ለባለቤቶቹ ክብር ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቹ ሙከራዎች የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ማሽን፣ ለአይቢኤም ዘር ነበር።

ለምን? አይቢኤም በነሐሴ 1981 ያወጣውን ኮምፒውተር በችኮላ ስለሠራው ከገበያ በተገዙ ዕቃዎች ገጣጠመው፤ አሠራሩንም በመጽሐፍ አሳተመው። ሌሎች ኩባንያዎች ቅጂውን መሥራት ቻሉ። ስለዚህ ካሊፎርኒያ የተጻፈ ፕሮግራም ታይዋን በተሠራ፣ መርካቶ ወይም ፒያሳ በተገጣጠመ ኮምፒውተር ላይ ያለ ማንም ፈቃድ ይሠራል። ራም የተቃጠለበት ሰው ሌላ ራም ያስገባል። ፓወር ሰፕላይ የነደደበት ከሁለተኛ እጅ ሻጭ ይገዛል። አምራቹ ከአዲስ አበባ ስሙን እንኳ ባይሰማ ችግር የለም፤ ድጋፉ ከሠፈሩ ጠጋኝ ይገኛል። ማኪንቶሽ ለዓይን የተሻለ ማሽን ነበር፤ ለሕትመት ሥራም ብዙዎች ይመኙት ነበር። ግን ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው፣ ሲያረጅ የሚለወጥለት ዕቃ፣ ሲጠየቅ በፍሎፒ የሚቀዳለት ፕሮግራም በየመንገዱ አልነበረም። ብርቅ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ገበያው መጣ። በ1985 ዓ.ም. (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ሲወጣ ጋዜጣና መጽሔት እንደ እንጉዳይ ፈላ። ያ ሁሉ ጽሑፍ በእርሳስ ፊደል እየተለቀመ ሊወጣ አይችልም። የቢሮው ጸሐፊ፣ የማስታወቂያ ሠሪው፣ የጋዜጣው አዘጋጅ ሁሉም አማርኛ የሚጽፍ ኮምፒውተር ፈለገ። ዊንዶውስ ሲስፋፋ በአዲስ አበባ የተሠሩ ፕሮግራሞች ሜዳውን ያዙት፤ ከሁሉም በላይ የኮንሴፕት ዳታ ሲስተምስ ፓወር ግዕዝና የከስተር ኮምፒውቲንግ ቪዥዋል ግዕዝ። ኮምፒውተር የሚያስተምሩ ማሠልጠኛዎች ከዎርድና ከኤክሴል ጎን እነዚህን ጨመሩ። ጸሐፊ ሲቀጠር «ፓወር ግዕዝ ይችላል?» ተብሎ ይጠየቅ ጀመር። እነዚህ ፕሮግራሞች ለኮምፒውተሩ መንገሥ ያደረጉትን ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት በዚያን ጊዜ አላደረገም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ሐቅ አለ። ፕሮግራሞቹ የተስፋፉት ባብዛኛው በግዢ አልነበረም። ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ፣ ከሲዲ ወደ ሲዲ፣ ኋላም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ተቀዱ። ጠጋኙ ዊንዶውስ ሲጭን አማርኛውንም «በምርቃት» ይጭናል። ይህ ቅጂ ኮምፒውተሩን በየጉሊቱ አዳረሰው፤ ፕሮግራሙን የሠራውን ሰው ግን ደሞዝ ነሳው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ በሩን ዘግቶ ሞተ፤ የኢትዮጵያ ሶፍትዌር ሠሪ በሩ ተሰብሮ ደከመ። ገቢ የሌለው ኩባንያ አዲስ ዊንዶውስ በወጣ ቁጥር ፕሮግራሙን እያደሰ ሊከተል አይችልም፤ ስልክ አንስቶ የሚመልስ ባለሙያም አያቆይም።

ሁለተኛው ችግር የፊደል መለያየት ነው። እያንዳንዱ ፕሮግራም በ256ቱ ቦታ ላይ ፊደሉን በፈለገው መንገድ ደረደረ። አንዱ በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው አካልና ቅጥያ አድርጎ ገጣጠመው። የአንዱ «ሀ» የሌላው «ጸ» ሆነ። ሽሮ ሜዳ የተጻፈ የውል ሰነድ በፍላሽ ተይዞ አዲሱ ገበያ ሲከፈት የላቲን ፊደላት፣ ነጥቦችና ጭረቶች ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ባለጉዳዩ «ቫይረስ በላው» ይላል። ቫይረስ አልበላውም፤ ፎንቱ ስለሌለ ነው። በዚህ ምክንያት ሰው ሰነዱን ሳይሆን ሱቁን ይከተል ነበር፤ መጀመሪያ የጻፈለት ቤት ሄዶ ካላስተካከለ ሌላ ቦታ እንደገና ገንዘብ ከፍሎ ማስጻፍ አለበት። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማስረከብ አንድ ቀን የቀረው የስድስት ኪሎ ተማሪ ይህን ፈተና በደንብ ያውቀዋል።

መፍትሔው የመጣው ከስምምነት ነው። በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ቋሚ ቦታዎች ተሰጡ። ከዚያ ወዲያ «ሀ» በየትኛውም ማሽን «ሀ» ነው። ግን ቁጥር መሰጠት አንድ ነገር ነው፤ አምራቹ ቁጥሩን ተቀብሎ ፎንትና ኪቦርድ ማሽኑ ውስጥ መጨመሩ ሌላ። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንትና የአማርኛ መጻፊያውን ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በጥር 2007 ነው። ከ1999 እስከ 2007 ሰባት ዓመት ያለፈ ጊዜ ነው። በዚያ መሀል ቢሮዎቹ ሁሉ በአሮጌው ፎንት መጻፋቸውን ቀጠሉ፤ ቪስታ ሲመጣም ዊንዶውስ ኤክስፒን የለቀቀ ጥቂት ነበር። የአምራች መዘግየት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው፦ የዘገየው ሰባት ዓመት ቢሆንም የጸሐፊው ጣት የለመደውን ለማስለቀቅ ሌላ አሥር ዓመት ይፈጃል።

በዚሁ ሰሞን ነው ለኢትዮጵያ ልጆች ተብሎ የተሠራው ኮምፒውተር የመጣው። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 «የ100 ዶላር ላፕቶፕ» ብሎ ለዓለም ያስተዋወቀው፣ በ2007 መጨረሻ መመረት የጀመረው አረንጓዴና ነጩ ኤክስኦ። ማሽኑን ለመናቅ የሚዳዳው ሰው ተሳስቷል። ፀሐይ ላይ የሚነበብ ስክሪን ነበረው፤ አቧራና ውኃ የሚችል የጎማ ኪቦርድ፣ ያውም የአማርኛ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ ተዘጋጅቶለት ነበር። ከአምራች ወገን ፊደልን አስቦ የመጣ የልጆች ኮምፒውተር ቢኖር ይኸው ነው። ዋጋው ግን 100 ሳይሆን ወደ 190 ዶላር ተጠጋ። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2008 በጀርመኖች ድጋፍ ይሠራ በነበረ ፕሮግራም አማካይነት 5,000 ያህሉ በአዲስ አበባና በገጠር ለተመረጡ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ታደሉ።

ያሰናከለው ምኑ ነው? ኤክስኦ የሚሠራው ሹገር በተባለ ለብቻው በተሠራ ሥርዓት ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ዊንዶውስ አይደለም፤ ፓወር ግዕዝ አይጫንበትም፤ የወንድም ፍላሽ ውስጥ ያለው ነገር አይከፈትበትም። መማሪያ መጻሕፍቱ ገብተውበት ነበር፤ ግን መጽሐፍ በስክሪን ማሳየት ብቻውን የፕሮግራም ሀብት አይሆንም። መምህራኑ በቂ ሥልጠና ስላላገኙ ብዙዎቹ ማሽኑን የክፍል ማወኪያ አድርገው አዩት። ባትሪው፣ ስክሪኑ፣ ኪቦርዱ ሁሉ የራሱ ዓይነት በመሆኑ ሲሰበር መርካቶ መልስ የለውም። አምራቹም ራሱ ተናጋ፦ በ2008 ሹገርን የሠሩት ሰዎች ተለይተው ወጡ፤ በጥር 2009 ድርጅቱ ግማሽ ያህል ሠራተኛውን ቀነሰ። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ልጅ ማሽኑ በታደለው በዓመቱ ደጋፊ አልባ ሆነ ማለት ነው። የሆላንዱ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላፕቶፑን ይጠቀሙ የነበሩ የኢትዮጵያ ልጆች በረቂቅ አስተሳሰብ ፈተና የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን ጽፈዋል። ይህ ጉዳዩን የበለጠ ያሳዝናል፤ ማሽኑ የሚጠቅም ሆኖ ሳለ የቀረው በጀርባው የቆመ ስለሌለ ነው።

ይኸው ድርጅት በ2012 ወደ ወንጪና ወደ ወለንጪቲ አካባቢ መንደሮች በፀሐይ የሚሞሉ የሞቶሮላ ታብሌቶችን ለየመንደሩ 20 ያህል ልጆች ሰጠ፤ አስተማሪ ሳይመድብ። ኔግሮፖንቴ ልጆቹ በደቂቃዎች ውስጥ ማብሪያውን አገኙት፣ በአምስት ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱት ብሎ ሲናገር ዓለም አጨበጨበ። ልጆቹ ብልህ መሆናቸውን የሚጠራጠር የለም። ፕሮግራሞቹ ግን በእንግሊዝኛ ነበሩ። ልጆቹ የሚዘምሩት ኤቢሲዲ ነው፤ አካባቢው የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ጭብጨባው ውስጥ ይህን የጠየቀ ጥቂት ነበር። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የገባው «ፕላዝማ»ም በሳተላይት በባዕድ የእንግሊዝኛ አነጋገር እየተጣደፈ ሲያስተምር፣ የጉለሌም የሌላውም ሰፈር ተማሪ ያልገባውን የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ያይ ነበር።

ትምህርቱን በደንብ የወሰደው አምራች ከየት መጣ ቢባል ከቻይና ነው። ቴክኖ በ2011 አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ ስልክ መገጣጠም ጀመረ፤ ስልኮቹ ላይ አማርኛ ጨመረ፤ ካርልኬር የተባለ የራሱን የጥገና ማዕከል ከፈተ። ከእሱ የተሻለ ካሜራና የበለጠ ስም ያላቸው ስልኮች ነበሩ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ግን የገዛው መልእክት በፊደል የሚጽፍበትን፣ ሲወድቅ ደግሞ ስክሪኑ የሚገኝለትን ነው። ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው የቤት ኮምፒውተር ይኸው ስልክ ሆነ፤ ግራጫው ሳጥን በሱቁ እንደቆመ ቀረ።

የሳጥኑ ዕዳ ግን አልተከፈለም። ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 2000ዎቹ (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) በየቀበሌው፣ በየፍርድ ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው የተጻፈው አማርኛ ባብዛኛው በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቻቸው ፎንቶች የተቀመጠ ነው። የቤት ካርታ ጉዳይ፣ የውርስ ውሳኔ፣ የዕድሜ ልክ ጥናት እዚያ ውስጥ አለ። በወረቀት የታተመው ይነበባል። በዲስክ የቀረውን ለመፈለግ የሚሞክር ሰው ግን «ውርስ» ብሎ ቢጽፍ ኮምፒውተሩ አያገኘውም፤ ለማሽኑ ያ ቃል የላቲን ፊደላት ክምር ነውና። ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ፤ ግን እያንዳንዱ ፎንት የራሱን ቁልፍ ይፈልጋል፣ በሁለት ፎንት የተከፈለ ሰነድ ደግሞ ሲመለስ ፊደል ይጥላል። ስለዚህ አንዳንድ ቢሮ ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ኤክስፒ ኮምፒውተር ሳይነቀል ተቀምጦ ይታያል፤ የድሮውን ፋይል የሚከፍት እሱ ብቻ ስለሆነ።